ከዓይን ይልቅ ጣት የሚያገኘው

የዚህ እትም ዋና ጉዳይ ከዓይን ይልቅ በጣት ይታወቃል። ፀጉራቸው የሳሳ አንድ አዛውንት አናታቸውን ሲዳስሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የምትሻክር ነጥብ ጣታቸውን ትይዘዋለች። ሐኪሞች አክቲኒክ ኬራቶሲስ ይሏታል፤ ለዓመታት የተጠራቀመ የፀሐይ ጨረር የወለዳት ናት። አብዛኞቹ ነጥቦች ወደ ካንሰር አይለወጡም። የትኛዋ እንደምትለወጥ ግን አስቀድሞ መለየት አይቻልም።

ታዲያ የቱ ሕክምና ይሻላል?

በኔዘርላንድስ አራት ሆስፒታሎች 624 ታካሚዎችን በዕጣ መድበው አራት ሕክምናዎችን አወዳደሩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ከዓመት በኋላ ሕክምናው የሠራላቸው በ5 በመቶው የፍሎሮዩራሲል ቅባት 74.7 በመቶ፣ በኢሚኪሞድ 53.9፣ በብርሃን ሕክምና 37.7፣ በኢንጄኖል ደግሞ 28.9 ነበሩ። የቆየው መድኃኒት አዳዲሶቹን መብለጡ ደስ ያሰኛል። ቅባቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፦ በቀን ሁለቴ ለአራት ሳምንት ሲቀባ ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይቀረፋል። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ደንግጦ ቢያቋርጠው አይፈረድበትም።

አዘጋጁ አንባቢ ቀድሞ እንዲገልጣቸው የሚሻው ግን አልቢኒዝም ስላለባቸው ኢትዮጵያውያን የሚያወሱትን ገጾች ነው። ቆዳቸውን የሚከልል በቂ ሜላኒን ስለሌላቸው ሌላው በእርጅና የሚያየው ጉዳት እነሱን ገና በወጣትነታቸው ያገኛቸዋል፤ ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ለእነሱ ሕክምና ነው።