ፎቶ የምናጥበው በምን ዕቃ ነው?

«ፎቶውን ዘመን በላው» ሲባል መስማት ሰልችቶኛል። ዘመን ጥርስ የለውም። የአያቶቻችን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቢጫ ለብሶ፣ ፊቱ ጠፍቶ ስናገኘው ጊዜን መውቀስ ይቀናናል። ይባስ ብሎ ዛሬ በስልኩ ያነሣውን ምስል ሆን ብሎ እያወየበ «ጥንታዊ» የሚያስመስል ሞልቷል። ስለ ቀለም ፎቶ አልከራከርም፤ እርሱ በብርሃንና በዕድሜ ይደበዝዛል። የጥቁርና ነጩ ቢጫነት ግን ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ምልክት ሳይሆን በቆሸሸ ገንዳ፣ በታከተው እጅ የመታጠቡ ምልክት ነው።

አማርኛችን ለዚህ ሙያ የሰጠው ግስ ያስገርመኛል። ፎቶ «እንነሣለን»፤ ቀጥሎም «እናሳጥባለን»። በጨለማ ክፍል ውስጥ ከሚከናወነው ብዙ ነገር መካከል ቋንቋችን መርጦ የያዘው መታጠቡን ነው። ዛሬ እንኳ ውኃ ያልነካውን ምስል ከማሽን አሳትመን ስንወጣ «አሳጠብሁ» እንላለን። ቃሉን ይዘን ግብሩን ጥለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምስሉ በዲቨሎፐር ከወጣ በኋላ ብርሃን ያልነካው የብር ጨው ከወረቀቱ ላይ ሟሙቶ መነሣት አለበት። ይህን የሚያደርገው በተለምዶ ሃይፖ የምንለው ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው። ጠባዩን እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ኸርሸል በ1819 እ.ኤ.አ. ደርሶበት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በ1839 ለፎቶግራፍ አውሎታል። ሃይፖ ምስሉን ያድነዋል፤ ታጥቦ ካልወጣ ግን ራሱ ይገድለዋል። በወረቀቱ ውስጥ የቀረው ድኝ በሙቀትና በእርጥበት እየታገዘ፣ ምስሉን የሠራውን ብር ወደ ብር ሰልፋይድ ይለውጠዋል። ቢጫውና ቡናማው እርሱ ነው። ስለዚህም በፕላስቲክ የተለበጠው ወረቀት ለጥቂት ደቂቃ፣ ያልተለበጠው ደግሞ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ በሚለዋወጥ ውኃ መታጠብ ይኖርበታል።

እስቲ አሁን ጣታችሁን በማጠቢያው ገንዳ የውስጥ ግድግዳ ላይ አሳልፉ። ካንሸራተታችሁ ነገሩ ተበላሽቷል። ያ ዝልግልግ ነገር ተራ እድፍ አይደለም። ባክቴሪያዎች ከራሳቸው በሚያወጡት ሙጫ ተጣብቀው የመሠረቱት ሰፈር ነው። ከፎቶው የሚለቀቀው ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ በመሆኑ ቀለብ ይሆናቸዋል፤ ገንዳው ብርሃን የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴው አልጌ ይጨመራል። ይህ ሰፈር የሚስፋፋው ውኃ በተኛበት ነው፤ ውኃ በተኛበትም ሃይፖ አብሮ ተኝቷል። ፍርፋሪው በፎቶው ላይ ተለጥፎ ይደርቃል፣ ነጥብም ይተዋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ፎቶው ከገንዳው ሲወጣ አምሮበት ነው። ጉዱ የሚታየው ባለቤቱ ከፍሎ ከሄደ ከዓመታት በኋላ ነው።

እናቶቻችን ይህን ሳይንስ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ጋኗን በግራዋ ፈትጋ፣ በወይራ ጭስ ሳታጥን ጥንስስ አትጥልም። ጠላው ቢበላሽ «ዘመን አበላሸው» ብሎ የሚያስተዛዝናት ጎረቤት የለም፤ «ጋኗን ሳታጥብ ነው» ትባላለች። ባለፎቶ ቤቱ ግን ስለ ካሜራውና ስለ ሌንሱ ሲያወራ እናደንቀዋለን፤ ስለ ገንዳው የሚጠይቀው የለም።

ይህን የምጽፈው አሶሳን እያሰብሁ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በጥቂቱ ብቻ ከፍ ያለች፣ ሞቃት ናት፤ ዝናቧም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሙቀቱና እርጥበቱ ለዝልግልጉም፣ በወረቀት ውስጥ ለቀረው ሃይፖም ይመቻል። «ቧንቧው ሲጠፋ በጀሪካን እየቀዳን ምን ዓይነት ማጠብ ይታሰባል?» የሚል መልስ እዚያ ሰምቻለሁ። አይዋጥልኝም። ማጠብ ውኃን የመለወጥ እንጂ ውኃን የማብዛት ጉዳይ አይደለም። ኢልፎርድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ፊልም ለማጠብ ያወጣው ዘዴ ጣሳውን ሦስት ጊዜ ብቻ ሞልቶ፣ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ ጊዜ እያገላበጡ መድፋት ነው። ወረቀት ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል፤ ሕጉ ግን ያው ነው፦ መሙላት፣ ማንቀሳቀስ፣ መድፋት። ፎቶን በአንድ ሳፋ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር ቁጠባ ሳይሆን ለባክቴሪያ ድግስ መደገስ ነው።

መድኃኒቱም ከሱቅ አይጠፋም፤ በረኪና ነው። ነገር ግን ሙጫው ውስጡ ያሉትን ይከልላቸዋልና በረኪና ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም። አስቀድሞ ገንዳውም ቱቦውም በብሩሽ ይፈተግ። ቀጥሎ የቀጠነ በረኪና ለጥቂት ደቂቃ ይቆይበት። በመጨረሻም ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ይለቅለቅ፤ በረኪና ጄላቲንንና ምስልን ይበላልና። ከአቼቶ ጋር፣ አሲድ ካለበት ከማንኛውም የጨለማ ክፍል ኬሚካል ጋርም ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባን ይጎዳል። ሥራ ሲያበቃ ገንዳው ተደፍቶ፣ ደርቆ ይደር።

ይህ ሁሉ ሙግት ስለ ገንዳ ብቻ አይደለም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያነሡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ናቸው፤ የነገሥታቱም ፊት በየመጽሐፉ ተባዝቷል። የበርታው ሽማግሌ፣ የጉሙዟ ሙሽራ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነሥቶ አሶሳ ዙሪያ የሰፈረው ገበሬ ግን ፊታቸው ቢገኝ በአንዲት ወረቀት ላይ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል በተነሣው ግጭት ስንት ሺህ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፤ ነፍሱን ይዞ የሚሮጥ ሰውም አልበም ለማንሣት ጊዜ የለውም። እንዲህ ባለ ምድር ከእሳትና ከስደት የተረፈች አንዲት ፎቶ ባልታጠበ ሃይፖ ስትሞት ማየት ያንገበግባል።

«ጨለማ ክፍል ድሮ ቀረ» የምትሉኝ አትጠፉም። አሮጌው ፎቶ ግን ዛሬም በየቤቱ አለ፤ ሃይፖውም ሥራውን አላቆመም። የአያታችሁ ምስል እየወየበ ከሆነ ሳታሳድሩ ቅጂ አንሡለት፤ ዋናውንም ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት። ወደ ፊልም የተመለሳችሁ ወጣቶች ደግሞ ሁለተኛ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ብሩሽ ግዙ። ፊልም ለማሳጠብ የምትሄዱም ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት «እስቲ የምታጥቡበትን ገንዳ አሳዩኝ» በሉ። የሚቆጣችሁ ካለ ፊልማችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቸር እንሰንብት።