በጉም ውስጥ የሚደረግ የግል ሄሊኮፕተር በረራና የአብራሪው ውሳኔ

ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ ሎስ አንጀለስና አካባቢዋ በዝቅተኛ ደመናና በጉም ተሸፍነው ነበር። የከተማዋ ፖሊስ በአየሩ ሁኔታ ምክንያት ሄሊኮፕተሮቹን ከምድር አላስነሣም። ሆኖም እውቁን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኮቢ ብራያንትን፣ የ13 ዓመት ልጁንና አብራሪውን ጨምሮ ሌሎች ሰባት ሰዎችን የያዘ ሲኮርስኪ ኤስ-76ቢ ሄሊኮፕተር ጉዞውን ቀጠለ። ካላባሳስ በተባለው ስፍራ ከኮረብታ ጋር ተላትሞ ዘጠኙም ሕይወታቸው አለፈ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ከአንድ ዓመት ምርመራ በኋላ የደረሰበት ድምዳሜ የሚያተኩረው በአብራሪው ውሳኔ ላይ ነው። አብራሪው ከ8,500 ሰዓት በላይ የበረረ፣ በመሣሪያ ብቻ ለማብረር የሚያስችል ፈቃድም የነበረው ባለሙያ ነበር። የበረራ ድርጅቱ ግን የተፈቀደለት ምድርንና አድማስን በዐይን እያዩ መብረር ብቻ ነበር። ሄሊኮፕተሩ ደመና ውስጥ በገባ ጊዜ አብራሪው ወደ 4,000 ጫማ ከፍታ እየወጣ መሆኑን ለተቆጣጣሪዎች አሳወቀ። ይህን ሲናገር ሄሊኮፕተሩ በእውነቱ ወደ ግራ እየታጠፈ በከፍተኛ ፍጥነት ቁልቁል ይወርድ ነበር።

ይህን ያህል ልምድ ያለው ሰው ላይና ታቹን እንዴት ሊስት ቻለ? መልሱ ከሰው ልጅ አፈጣጠር ጋር የተያያዘ ነው። የሰውነታችንን ሚዛን የሚጠብቀው በውስጠኛው ጆሮ የሚገኝ ፈሳሽ እንቅስቃሴን የሚያሳውቀው ለውጥ ሲኖር ነው። መታጠፉ ሳይለዋወጥ ለጥቂት ሰከንዶች ከቀጠለ ስሜቱ ይጠፋል፤ አብራሪው እየታጠፈ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚበር ይመስለዋል። አድማስ በሚታይበት ቀን ዐይን ይህን ስሕተት ወዲያው ያርማል። በጉም ውስጥ ግን እውነቱን የሚነግሩት መሣሪያዎቹ ብቻ ናቸው፤ እነርሱን አምኖ የገዛ አካሉን መካድ ደግሞ ዘወትር ካልተለማመዱት በስተቀር እጅግ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ የመብረር ሥልጠና ባልነበራቸው 20 ሰዎች ላይ ባደረገው ሙከራ ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር ተስኗቸዋል፤ አማካይ ጊዜውም 178 ሰከንድ ነበር።

በክረምት ማለዳ ጣርማ በርን በመኪና ያቋረጠ ሰው ጉም ምን እንደሆነ ያውቃል፤ መብራት አብርቶ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ ሲብስም ዳር ይዞ ይቆማል። ሄሊኮፕተርም ቢሆን ምድር ገና በሚታይበት ጊዜ ሜዳ ላይ ማረፍ የሚችል መጓጓዣ ነው። አብራሪዎች ይህን ዕድል ብዙ ጊዜ የማይጠቀሙበት ለምንድን ነው? በካላባሳሱ አደጋ መርማሪዎቹ ደንበኛው አብራሪውን እንዳስገደደ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ያገኙት አብራሪው በራሱ ላይ የጫነውን ግፊት ነው፤ ታዋቂውን ደንበኛውን ላለማሳፈርና የተጀመረውን ጉዞ ለመጨረስ የነበረውን ፍላጎት። ድርጅቱ የደህንነት አሠራሩን በበቂ ሁኔታ አለመከታተሉም ለአደጋው አስተዋጽኦ እንዳደረገ ተገልጿል። በእኛ እይታ ከአደጋው እጅግ አሳሳቢው ገጽታ ይኸው ማንም ያልተናገረው ግፊት ነው፤ ተሳፋሪው ዝም ቢልም በአብራሪው ልብ ውስጥ ይናገራልና።

ጉዳዩ በአንድ አገር የተወሰነ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2006 ዓ.ም. ምሽት በእንግሊዝ ኖርፎክ ግዛት ከአንድ የግል መኖሪያ ግቢ በጉም የተነሣ አውጉስታዌስትላንድ 139 ሄሊኮፕተር ወዲያው ወድቆ አራት ሰዎች ሞተዋል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የናይጄሪያው የአክሰስ ባንክ መሪ ኸርበርት ዊግዌ ከቤተሰባቸው አባላት ጋር በካሊፎርኒያ በረሃ በሌሊት ሲጓዙ በደረሰ የሄሊኮፕተር አደጋ ሕይወታቸው አልፏል፤ በስፍራው ዝናብና በረዶ ይጥል ነበር።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ የኪራይ በረራ ድርጅቶች የደህንነት አመራር ሥርዓት እንዲዘረጉ እስከ ሜይ 2027 ጊዜ ሰጥቷቸዋል። በራሱ ሄሊኮፕተር ለራሱ ጉዳይ የሚበር ባለንብረት ግን በዚህ ግዴታ ውስጥ አልተካተተም።