ሳይቆጥሩ መልቀቅ ይብቃ!



አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ዛሬ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ ታክሲ እነዳለሁ። በቅርቡ ተሳፋሪ እየጠበቅን ሳለ አንድ ወንድማችን «ሰው በቤት ኪራይ በሚጨነቅበት አገር መንግሥት ዓሣ በመቁጠር ገንዘብ ያባክናል» ብሎ አሳቀን። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን አፈርኩ። መምህር ሆኜ መልስ መስጠት ነበረብኝ። እነሆ መልሴ።

እ.ኤ.አ. በ1962 የፍሌሚንግ ጎርጅ ግድብ ውሃ መያዝ ከመጀመሩ በፊት፣ ባለሥልጣኖች በግሪን ወንዝና በገባሮቹ ላይ ከ400 ማይል በላይ መርዝ ለቀቁ። ዓላማው የወንዙን ነባር ዓሣ «የማይረባ» ብሎ አጥፍቶ፣ ለመዝናኛ አጥማጆች ሬይንቦ ትራውት ማርባት ነበር። የማይረባ ከተባሉት አንዱ ፓይክሚኖው ነው፤ በድሮ ጊዜ እስከ 6 ጫማ ያድግ የነበረ፣ ከኮሎራዶ ወንዝና ከገባሮቹ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ ዓሣ! ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ በሕግ ተመዝግቧል።

«ጥፋቱ የግድብ ነው» የሚሉ አሉ። ግድብ ጎድቶታል፤ አልክድም። ነገር ግን የያምፓ ወንዝ አፈሳሰስ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ አልተነካም። እዚያስ ፓይክሚኖው ለምን መነመነ? ለስፖርት ተብለው በሰው ሠራሽ ሐይቆች የተለቀቁት ስሞልማውዝ ባስና ኖርዘርን ፓይክ አምልጠው ወንዙን ወረሩት፤ የነባሩንም ዓሣ ጫጩት በሉት።

ይህ የታወቀው በቆጠራ ነው። ባለሙያዎች ከጀልባ ላይ ውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይለቃሉ። የደነዘዘውን ዓሣ ይለኩታል፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል መለያ ከቆዳው ሥር ከተው ይለቁታል። በኋላ ከሚይዟቸው ስንቶቹ መለያ እንዳላቸው አይተው የጠቅላላውን ብዛት ያሰላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ስሞልማውዝ ባስ ከግሌን ካንየን ግድብ በታች መራባቱ የተደረሰበት በክትትል ነው። ክትትል ባይኖር ማን ያውቅ ነበር?

ፈተና ሳይሰጥ «ሁሉም አልፏል» የሚልን መምህር ምን ትሉታላችሁ? ዓሣ ለቅቆ የማይቆጥር መሥሪያ ቤትም ያው ነው። የሚለቅ ሁሉ የመቁጠሪያውንም በጀት አብሮ ይያዝ፤ ካልቻለ አይልቀቅ!

ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻ አይምሰላችሁ። በባሌ ተራሮች፣ በወይብ ወንዝ የሚጠመደው ትራውትም ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ነው። እኛም ቅዳሜ መንጠቆ ይዘን የምንወጣ ሰዎች ኃላፊነት አለብን፤ ከአንዱ ውሃ የያዝነውን ዓሣ በሕይወቱ ወስደን ሌላ ውሃ ውስጥ አንጨምር። የፈቃድ ገንዘባችን ለመልቀቅ ብቻ ሳይሆን ለመቁጠርም እንዲውል እንጠይቅ።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።