በዱባይ ልዩ ፍላጎት ላለው ልጅ ትምህርት ቤት መምረጥ፦ ሕጉ በሩን ከፍቷል፣ ወጪውስ?

በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በፈረንጆቹ 2006 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 29 ልዩ ፍላጎት ያለው ሰው በዚሁ ምክንያት ከትምህርት ተቋም እንዳይገለል ይደነግጋል። ዱባይም በ2017 ባወጣችው የአካታች ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ይህንኑ በግል ትምህርት ቤቶቿ ላይ አጽንታለች። ሀገሪቱ አካል ጉዳተኞችን የምትጠራበት ስያሜም “አስሃብ አል-ሂማም”፣ ማለትም “ባለ ጽኑ ፈቃድ” የሚል ሆኗል።

ይሁን እንጂ የወላጅ ፈተና የሚጀምረው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። በዱባይ የውጭ ዜጎች ልጆች በአብዛኛው የሚማሩት በግል ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የግል ረዳት የሚያስፈልገው ልጅ ተጨማሪ ወጪ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በቤተሰቡ ላይ ነው። ስለዚህ ሕግ የፈቀደውን አቅም ሊከለክለው ይችላል።

በመሆኑም ወላጆች ከትምህርት ቤቱ ዝና ይልቅ ተጨባጩን ድጋፍ ሊመዝኑ ይገባል። በመደበኛው ክፍያ የሚሸፈነው ድጋፍ የትኛው ነው? ተጨማሪው ክፍያ ስንት ነው? የልጁን የተናጠል የትምህርት ዕቅድ የሚያዘጋጀው ማን ነው፣ በየስንት ጊዜውስ ይገመገማል? መልሶቹ ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ ሊሰፍሩ ይገባል።

የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ሌላም ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በቤት አማርኛ፣ በክፍል እንግሊዝኛና አረብኛ የሚሰማ ልጅ ቋንቋውን ገና ስላልለመደ ብቻ “የመማር እክል አለበት” ሊባል አይገባም። የልጁ ትክክለኛ ፍላጎት የሚታወቀው ምዘናው የቤቱንም ቋንቋ ከግምት ሲያስገባ ነው።