«በአንዲት ጨዋታ ተበላሁ!»

እሑድ ማታ ነው። የአክስቴ ልጅ ስልኩን እንደያዘ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። አሥር ጨዋታ ያለበት የቤቲንግ ትኬት ነው። ዘጠኙ ይዞለታል፤ አንዱ ከድቶታል።

«አየህ አይደል? በአንዲት ጨዋታ ተበላሁ! በባከነ ሰዓት በጠፋች ጎል!»

ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት የተሸናፊ ንዴት አልነበረም። ለጥቂት ያመለጠው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን እንደሚሳካለት እርግጠኛ የሆነ ሰው ንዴት ነበር። ልጁ 23 ዓመቱ ነው። ሞባይል ጥገና ቤት በረዳትነት ይሠራል። ባለፈው ክረምት እናቱ ዕቁብ እንዲከፍልላት የሰጠችውን ብር አስይዞ ተበልቷል። ያኔ ቤቱ ውስጥ የተለቀሰውን ለቅሶ አልረሳውም።

ልቆጣው አሰብኩና ተውኩት። ቁማር ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው፣ ቤት ያፈርሳል የሚለውን ምክር ከሁላችንም ሰምቶታል። ቁጭ ብሎ ሒሳቡን ያሳየው ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ። ለእሱ ያሳየሁትን ለእናንተም ላሳያችሁ፤ ከማባዛት ያለፈ ዕውቀት አይጠይቅም።

የሱ ትኬት በሙሉ «ኦቨር 2.5» ነበር። በእያንዳንዱ ጨዋታ ሦስትና ከዚያ በላይ ጎል ይገባል ማለቱ ነው። ለማቅለል የአሥሩንም ኦድ 1.85 እናድርገው፤ የመሆኑና ያለመሆኑ ዕድልም እኩል ነው እንበል፤ ልክ እንደ ሳንቲም፣ ዘውድ ወይስ ጎፈር።

ግማሽ በግማሽ ለሆነ ነገር የሚገባው ኦድ 2.00 ነው። 100 ብር አስይዘህ ሲሳካልህ 200 ብር ታገኛለህ፣ ሳይሳካ ሲቀር ባዶ እጅህን ትሄዳለህ፤ በረዥም ጊዜ ሲታይ ትርፍም ኪሳራም የለም። ኦዱ 1.85 ሲሆን ግን 100 ብርህ በአማካይ የሚመለሰው 92 ብር ከ50 ሆኖ ነው። የቀረችው 7 ብር ከ50 የቤቱ ድርሻ ናት። ይህን ሌብነት አልለውም፤ ማንም ነጋዴ ትርፍ ይይዛል። ጉዱ ያለው ማባዛቱ ላይ ነው።

አንድ ጨዋታ የመያዝ ዕድሉ ከ2 አንድ ነው። ሁለቱም የመያዝ ዕድላቸው ከ4 አንድ፣ ሦስቱም ከ8 አንድ፣ እንዲህ እያለ አሥሩም አንድ ላይ የመያዝ ዕድላቸው ከ1,024 አንድ ይሆናል። በ20 ብር የቆረጠ ሰው አሥሩም ቢይዙለት የሚከፈለው 9,391 ብር ገደማ ነው። ያስጎመጃል። ነገር ግን ከ1,024 አንዴ ብቻ ለሚሆን ነገር የሚገባው ክፍያ 20,480 ብር ነበር። ያሸነፈው ሰው እንኳ ከሚገባው ግማሹን አላገኘም!

በሌላ አነጋገር፣ በ20 ብር የገዛሃት ትኬት አማካይ ዋጋዋ 9 ብር ከ17 ሳንቲም ነው፤ ያውም ግብሩን ሳንቆጥር። በአንድ ጨዋታ 7.5 በመቶ የነበረችው የቤቱ ድርሻ፣ አሥር ጨዋታ ሲደረደር 54 በመቶ ሆነች። ልጆቻችን «ብዙ ጨዋታ ስደረድር ብዙ እበላለሁ» ይላሉ። ጨዋታ በደረደሩ ቁጥር የሚያድገው ግን የቤቱም ድርሻ ነው።

አሁን «በአንዲት ጨዋታ» ወደምትለዋ እንመለስ። ከአሥር ጨዋታ አሥሩም የሚይዙበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ዘጠኙ ይዞ አንዱ የሚከዳበት መንገድ ግን አሥር ነው፤ ከአሥሩ ማናቸውም ሊከዱ ይችላሉና። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንድ አሸናፊ፣ «በአንዲት ጨዋታ ተበላሁ» የሚሉ አሥር ሰዎች ይኖራሉ። «ለጥቂት ሳተኝ» ማለት ተቃርቤያለሁ ማለት አይደለም። ጨዋታው ሲሠራ ጀምሮ ብዙ ሰው ለጥቂት እንዲስት ሆኖ ነው የተሠራው። የአክስቴ ልጅ ይህችን ሲሰማ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያለው።

ሌላም አለ። በየቀኑ እንዲህ ያለች የ20 ብር ትኬት ለአንድ ዓመት የሚቆርጡ አሥር የሰፈር ልጆችን አስቡ። እያንዳንዳቸው በዓመት 7,300 ብር ያወጣሉ። ሒሳቡ እንደሚለው ከአሥሩ ሰባቱ ገደማ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳይበሉ ይከርማሉ። ሦስቱ አንድ ቀን ይቀናቸዋል። የማንን ወሬ ነው የምንሰማው? የሦስቱን። የሰባቱን ማንም አያወራውም፤ እነሱም ያፍራሉ፣ ይደብቃሉ።

በቴሌግራም «ፊክስድ ማች አለኝ» እያሉ ብር የሚቀበሉትም የሚነግዱበት ይህንኑ ነው። አንድ አጭበርባሪ ለ1,600 ሰዎች ትንቢት ይልካል እንበል። ለ800ው «ኦቨር»፣ ለቀሩት 800 «አንደር» ይላቸዋል። ጨዋታው እንዳለቀ የተሳሳተባቸውን ይተዋል፤ የያዘላቸውን 800 ደግሞ እንደገና ለሁለት ይከፍላል። 400፣ 200፣ 100፣ 50። በአምስተኛው ጨዋታ ማግስት፣ አምስት ጊዜ በተከታታይ ትክክለኛ ትንቢት የደረሳቸው 50 ሰዎች በእጁ አሉ። ሰውየው ስለ ኳስ ምንም አያውቅም። እነዚያ 50 ሰዎች ግን ነቢይ ያገኙ ይመስላቸዋል፤ ለስድስተኛው ትንቢት ይከፍላሉ። ስለ 1,550ዎቹ የጠየቀ የለም።

«ሦስት ሳምንት ተበልቻለሁ፣ አሁን ተራዬ ነው» የሚለውም ያረጀ ስህተት ነው። እ.አ.አ ነሐሴ 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ የሩሌት ኳስ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች። ቁማርተኞቹ «አሁንስ ቀይ መምጣቱ ነው» እያሉ በየዙሩ ቀይ ላይ እየጨመሩ አስያዙ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ፍራንክም ከሰሩ። ኳሷ ያለፈውን የምትመዘግብበት ደብተር የላትም። የእኛም ትኬት እንዲሁ ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ትምህርት ራሱ የተወለደው ከቁማር ጠረጴዛ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ሐኪም ካርዳኖ፣ እሱም ቁማርተኛ ነበር፣ ስለ ዳይስ ዕድል መጽሐፍ ጻፈ። በ1654 ፓስካልና ፌርማ በደብዳቤ የተወያዩት፣ ተጀምሮ የተቋረጠ ቁማር ገንዘቡ እንዴት ይከፈል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። በ1713 የታተመው የያኮብ በርኑሊ መጽሐፍ ደግሞ ሙከራ በበዛ ቁጥር ውጤቱ ወደ እውነተኛው ዕድል እንደሚጠጋ አስረዳ። ቤቲንግ ቤቱ የሚኖረው በዚህች በበርኑሊ ሕግ ነው። ዕድለኛ መሆን አያስፈልገውም፤ ብዙ ደንበኛ ካለው ይበቃዋል።

እኛ ግን ትምህርቱን ከተወለደበት ቦታ ነቅለን አደረቅነው። ፕሮባቢሊቲ ዘጠነኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከከረጢት ውስጥ ቀይ ኳስ የማውጣት ዕድል ስንት ነው? ዳይስ ሁለቴ ቢወረወር? ዩኒቨርሲቲም ስገባ ስታትስቲክስ ወስጃለሁ፤ ፎርሙላውን ሸምድጄ አለፍኩ፤ ፈተናው ባለቀ ሳምንት ረሳሁት። ያቺ ከረጢት የሰፈራችን ቤቲንግ ቤት መሆኗን የነገረኝ አስተማሪ አልነበረም።

ዋጋውንም ከፍያለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሚዲያ ስሠራ በ20 ብር ብዙ ሺህ ብር ስለበላ ወጣት ዘገባ ሠራሁ። ልጁ ሲስቅ ፎቶ አነሳሁት። ብዙ ሰው አነበበልኝ፤ አለቃዬም ደስ አለው። ያን ቀን ያልጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ከስንት ሰው አንዱ ነው? ያ ዘገባ ነፃ ማስታወቂያ ነበር። ስንቱ አንብቦት በማግስቱ ትኬት እንደቆረጠ ሳስብ አሁንም ያመኛል።

«ሥራ የሌለው ልጅ ተስፋ ነው የሚገዛው፣ ሒሳብ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ሱስ የያዘውን ሰው ማባዛት ብቻ አያድነውም፤ ሥራም አይሆነውም። ግን ተስፋን በ20 ብር የሚገዛ ልጅ፣ የገዛው ነገር 9 ብር እንደሚያወጣ የማወቅ መብት የለውም? «ቤቶቹ ይዘጉ» የሚሉም አሉ። ቤቱ ቢዘጋ ጨዋታው ስልክ ውስጥ አለ። ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን «ለጥቂት» ግን አሻጊ መጥቶ አያሽገውም።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። የሒሳብ መምህራን፣ ከረጢቷን አስቀምጡና አንድ የቤቲንግ ትኬት ሰሌዳ ላይ ገልብጡ፤ ክፍሉ ሲነቃ ታያላችሁ። ፈቃድ የምትሰጡ አካላት፣ ትኬቱ ላይ ሊበላ የሚችለው ብር በትልቁ ተጽፏል፤ ከስንት አንዴ እንደሚሆንም ይጻፍበት። የሙያ ባልደረቦቼ፣ አሸናፊ ስታገኙ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት «ከስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ለቤቲንግ ብቻ አይደለም፤ ለማንኛውም «በዚህ መድኃኒት ዳንኩ»፣ «በዚህ ንግድ ከበርኩ» ለሚል ወሬ ይሠራል።

የአክስቴ ልጅ ከዚያ ወዲህ ቤቲንግ ተወ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልተወም። በቀጣዩ እሑድ መጣ፤ አምስት ጨዋታ ቆርጧል። ስክሪኑን እያየሁ ገና አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

«አውቃለሁ፣ ከ32 አንድ ነው። 32 እጥፍ መስጠት ሲገባቸው የሚሰጡኝ 21 ምናምን ነው» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተው። ያን ማታ ስለ ትኬቱ ድጋሚ አላነሳም።

ለሚቆርጥ ወንድማችሁ አጋሩልኝ።