በቪዲዮ ለሚሰጥ ሕክምና ደንቡ ለሕዝብ ይታወቅ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በእጅ ስልክ ሐኪምን እያዩ ሕመምን መናገርና ምክር መቀበል በከተማችን እየተለመደ መጥቷል። ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አይደለም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የተመረቀው የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ የአፍሪካን ሆስፒታሎች ከሕንድ አገር ሐኪሞች ጋራ ሲያገናኝ፥ የእኛም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተካፋዮቹ አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ በዋናው ሐኪም ከሐኪም ጋራ ይመካከር ነበር፤ ዛሬ ግን በሽተኛው ብቻውን በቤቱ ተቀምጦ ከማያውቀው ሐኪም ጋራ ስለሚገናኝ፥ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ የበለጠ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ጥቅሙን የሚክድ የለም። የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሠራተኛ በቤቱ የለካውን ቍጥር ለሐኪሙ አሳይቶ፥ ግማሽ ቀን ፈቃድ ሳይጠይቅ ክትትሉን ሊፈጽም ይችላል። ከልዩ ሐኪም ርቆ ለሚኖር ወገናችንማ የመንገዱንና የአልጋውን ኪራይ ያስቀርለታል።

ነገር ግን ቪዲዮ ያሳያል፥ ያሰማል እንጂ አያስዳስስም። የሆድ ሕመም ሲነሣ ትርፍ አንጀት መሆን አለመሆኑን ለመለየት ሐኪሙ በእጁ ተጭኖ መመርመር ይኖርበታል። የሳምባን ድምፅ በማዳመጫ መስማት ያስፈልጋል፤ የደም ማነስንም በካሜራ ቀለም መገመት አያስተማምንም። ትኩሳት ወባ መሆኑ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ራሷን የሚያማትና እግሯ ያበጠ ነፍሰ ጡር የደም ግፊቷ ሳይለካ «ዕረፊ» ተብላ ብትተው፥ የእናትና የልጅ ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ «ይህን በቪዲዮ ልወስን አልችልም፤ ወደ ሕክምና ቦታ ይሂዱ» ለማለት ነጻነትም ግዴታም ሊኖረው ይገባል። የአገልግሎቱ ባለቤት ለሐኪሙ የሚከፍለው በማዘዣ ብዛት ከሆነ ግን፥ ይህ ነጻነት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2031 ማንም ባለ ሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅና በጥፋቱ ለደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንዲሆን ይደነግጋል። ሐኪሙ በሽተኛውን በአካል ስላላገኘ ብቻ ከዚህ ኀላፊነት ነጻ አይሆንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣውን ይቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይቈጥረዋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ ሆኖም በሽተኛው ገመናውን የሚገልጠው ከሐኪሙ ጀርባ ሌላ ሰው እንደማይሰማና ምስሉ እንደማይቀዳ ሲያምን ነው።

የሌሎችን አገሮች ልምድ ብንመለከት፥ የሕንድ መንግሥት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ሐኪሙ በሚጽፈው ማዘዣ ላይ የሙያ ምዝገባ ቍጥሩን እንዲገልጥ ያዛል። መድኃኒቶችንም በክፍል ለይቷል፤ አንዳንዶቹ በመጀመሪያ የቪዲዮ ምርመራ፥ ሌሎቹ ለክትትል ብቻ ሊታዘዙ ይችላሉ፤ አደንዛዥ መድኃኒቶች ግን ፈጽሞ አይታዘዙም። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2001 ራያን ሄይት የተባለ የ18 ዓመት ወጣት፥ በአካል አይቶት የማያውቅ ሐኪም ባዘዘለትና በኢንተርኔት በገዛው ኀይለኛ የሕመም ማስታገሻ ጠንቅ ሞተ። በስሙ የተጠራው የ2008 ሕግ እንዲህ ያለውን መድኃኒት በኢንተርኔት ከማዘዝ በፊት ሐኪሙ በሽተኛውን ቢያንስ አንድ ጊዜ በአካል እንዲያይ በመርሕ ደረጃ አዘዘ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሣ ግን ግዴታው እንዲላላ ተደርጓል። ከዚህ የምንማረው ደንብ እንደ ጊዜው ሊላላ ቢችልም፥ ከነጭራሹ ሲታጣ ሰው እንደሚሞት ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ምርመራው ሲጀመር ሐኪሙ ስሙንና የሙያ ፈቃድ ቍጥሩን ይግለጥ፤ በሽተኛውም ማንነቱን ያስረዳ። ሁለተኛ፥ ሐኪሙ በሽተኛው ያለበትን ቀበሌና በአጠገቡ ያለ ሰው ስልክ አስቀድሞ ይመዝግብ። በሽተኛው በንግግር መካከል ራሱን ቢስት፥ አድራሻውን የማያውቅ ሐኪም ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ደውሎ ወዴት ሂዱ ይላል? ሦስተኛ፥ ምስልና ድምፅ ያለ በሽተኛው ግልጽ ፈቃድ አይቀዳ፤ የሕክምናው ማስታወሻ ግን እንደ ማንኛውም የሕሙማን ካርድ ተጽፎ ይቀመጥ። አራተኛ፥ በቪዲዮ የማይታዘዙ መድኃኒቶች ዝርዝር በየመድኃኒት ቤቱ ይለጠፍ።

አምስተኛው በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንን ይመለከታል። በአሜሪካ በጠቅላላው ሐኪሙ በሽተኛው ባለበት ስቴት የሙያ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠየቃል። እኛም ከዋሽንግተን ለአዲስ አበባ በሽተኛ የሚያዝዝ ኢትዮጵያዊ ሐኪም እዚህ የታወቀ ፈቃድ እንዲኖረው፥ ወይም እዚህ ፈቃድ ላለው ሐኪም ምክሩን እንዲሰጥ ብናደርግ፥ ዕውቀቱን ሳናጣ ተጠያቂውን እናውቃለን።

እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገርም አለ፤ ይኸውም የሕመም ፈቃድ ነው። በቪዲዮ የተሰጠ የሐኪም ማስረጃ በአንዱ መሥሪያ ቤት ተቀባይነት አግኝቶ በሌላው «ማኅተም የለውም» ተብሎ ቢጣል፥ በእውነት የታመመው ሠራተኛ ከደመወዙ ይቀጣል። ያለ ማጣራት ቢታመን ደግሞ ሐሰተኛው ይበዛል። የማስረጃውን ቍጥር ለሰጠው ተቋም ደውሎ ማረጋገጥ የሚቻልበት አንድ ወጥ አሠራር ቢኖር ሁለቱም ይድናሉ።

ደንብ ሲበዛ ድኻው ይጐዳል የሚሉ አይጠፉም፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ባለጠጋው በቪዲዮ የተነገረውን ቢጠራጠር ሌላ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ድኻው ግን በእጁ ያለው ያ አንድ ምክር ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለድኻው ነው። ጤና ሚኒስቴር በዚህ ረገድ የሚሠራባቸውን ደንቦች ቀላል በሆነ ቋንቋ በጋዜጣና በሬዲዮ ቢያስታውቅ፥ በሽተኛው መብቱን፥ ሐኪሙም ወሰኑን ዐውቆ ይሠራል።

ከአክብሮት ጋራ፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ