ከመቶው አንዱ ማን ነው?

የጽሑፍ ግልበጣን የሚፈትሸው ኩባንያ ተርኒቲን በኤአይ የተጻፈን ጽሑፍ የሚለይ መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ሲያቀርብ፣ ሰው የጻፈውን የማሽን ነው ብሎ የሚሳሳተው ከ1 በመቶ በታች መሆኑን አስታወቀ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ኤአይ አጠቃቀም ማስተማሩን ትተው መቆጣጠሩን እንዲመርጡ ያደፋፈራቸው ይህ ቁጥር ይመስለኛል። እኔን የሚያስቆጣኝም እሱው ነው።

ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በ2022 75,000 የተማሪ ጽሑፎች በተርኒቲን አልፈውለት ነበር። ከመቶ አንዱ ቢሳሳት 750 ያህል ጽሑፎች ያለ ጥፋታቸው ይጠረጠራሉ። ዩኒቨርሲቲው ይህን አስልቶ በኦገስት 2023 መሣሪያውን ዘጋው። ኩባንያውም ቢሆን ቆይቶ ቃሉን አጥብቧል፤ የ1 በመቶው ዋስትና ከ20 በመቶ በላይ በማሽን ተጽፈዋል ለተባሉ ጽሑፎች ብቻ እንደሚሠራ፣ በነጠላ ዓረፍተ ነገር ደረጃ ደግሞ ስሕተቱ ወደ 4 በመቶ እንደሚጠጋ ገለጸ።

ከቁጥሩ በላይ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ተማሪ ከሰው ጽሑፍ ገልብጧል ሲባል ምንጩ ጎን ለጎን ይቀርብለታል፤ አይቶ ያምናል ወይም ይሟገታል። ይህኛው መሣሪያ የሚሰጠው ግን መቶኛ እንጂ ምንጭ አይደለም። የተከሰሰ ልጅ መቶኛን በምን ያስተባብላል? የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ እንኳ የራሱን መለያ በጁላይ 2023 አንስቶታል፤ በማሽን ከተጻፉት የለየው 26 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ሰው ከጻፈው ደግሞ 9 በመቶውን በሐሰት ይወነጅል ነበር።

በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል ድርሰቶች በ7 መለያዎች ፈተሹ። በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማሽን ናቸው ተባሉ። ተርኒቲን ከተፈተሹት አንዱ አልነበረም፤ የስሕተቱ ምክንያት ግን ሊያሳስበን ይገባል። ቀላልና የተለመዱ ቃላት የሚደጋግም ጽሑፍ ለእነዚህ መለያዎች የማሽን ይመስላል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ የእኛ ተማሪ የሚጽፈው እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ከመቆጣጠር ይልቅ ማስተማር ይሻላል፤ ኤአይን በአግባቡ መጠቀምን የማስተማሩ ሥራ ደግሞ የላይብረሪ ነው እላለሁ። ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ማጣቀሻዎች ይዞ የሚመጣን ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት የላይብረሪ ባለሙያዎች ናቸው፤ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ በማርች 2023 ስለዚሁ በይፋ አስጠንቅቋል። ብዙ ጊዜ የደራሲው ስም እውነተኛ ነው፣ መጽሔቱም አለ፤ ቅጹንና ገጹን ሲከፍቱት ግን ሌላ ጽሑፍ ይገኛል። ይህን ፍተሻ ተማሪው ራሱ እንዲያደርገው ማሠልጠን ይቻላል፤ በምን ጉዳይ ኤአይ እንደተጠቀመ በጽሑፉ እንዲገልጽ፣ በምስጢር የነገሩትን ሰዎች ቃለ መጠይቅ ለማሽኑ እንዳይሰጥም እንዲሁ። ባለሙያው ማርክ አይሰጥም፣ አይቀጣም። ተማሪ ያልገባውን ሳይፈራ የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ግን ለባለሙያዎቹ ጊዜውን ማን ይሰጣቸዋል? ለአዲስ ገቢዎች በሚደረግ የአንድ ሰዓት ገለጻ ይህ ሁሉ አይሸፈንም፤ ሥልጠናው በየኮርሱ ውስጥ እንዲገባ ደግሞ መምህሩ ከክፍለ ጊዜው መቁረስ አለበት። መቶኛው በአንድ ጠቅታ በሚመጣለት ጊዜ፣ ያን ሰዓት የሚለቅ መምህር ስንት ይሆን? ብዙ ይሆናል ብዬ ለመናገር አልደፍርም።